ነጻ የግዕዝ ፊደል ፎንት በዌብሳይት ላይ ማስገባት፦ ሳጥኑን የማጥፋት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ዌብሳይት የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚወድቁበት አንድ ቦታ አለ። ገጹ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ያምራል። የፔንሲዮኑ ባለቤት በስልካቸው ሲከፍቱት ግን ግማሹ ፊደል ሳጥን ነው። ወይም ርዕሱ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት፣ ሐተታው በሌላ ዓይነት ይመጣል። እንግሊዝኛው ገጽ ምንም አይሆንም፤ የሚበላሸው አማርኛው ብቻ ነው። ከዚያ "ለጊዜው በእንግሊዝኛ ይሁን" ይባልና አማርኛው በዚያው ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሥራው በቅደም ተከተል ከተሠራ ከባድ አይደለም፣ ፎንቱም በነጻ ይገኛል።

መመሪያው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ በመጠኑ ለሚያውቅ ሰው ነው። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያለሁ። ኮዱ ውስጥ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ይሁኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

1. የሰርቨራችሁን መግቢያ ያዙ። የዎርድፕሬስ አድሚን ብቻ ካላችሁም ይሆናል፤ ደረጃ 5 ላይ መንገዱ አለ።

2. ባክአፕ ውሰዱ። ፋይሉንም ዳታቤዙንም። በተለይ ዳታቤዙን፤ ደረጃ 1 እና ደረጃ 7 ላይ ጽሑፍ ትነካላችሁ፣ የተነካ ጽሑፍ ያለ ባክአፕ አይመለስም።

3. ሁለት ስልክ አግኙ። አንዱ የራሳችሁ፣ ሌላው የቆየና ርካሽ የሆነ። የጀልባ ነጂው ወይም የጥበቃው ስልክ ከእናንተ ስልክ የበለጠ ይጠቅማል፤ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

4. የሙከራ ጽሑፍ ጻፉ። "ሰላም" ብሎ መሞከር ምንም አይጠቅምም፤ ሰላምን የማይስል የግዕዝ ፎንት የለም። ፎንት የሚጋለጠው በዲቃላ ፊደሎች፣ በቁጥሮችና በሥርዓተ ነጥቦች ላይ ነው። ይህንን ቅዱ፦

"ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ጐጃም፣ ቋራ፣ ጧፍ፣ ኗሪዎቿ፣ ሟቿ፣ ቍጥር፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፥ ናርጋ ሥላሴ፦ ፲፱፻፺፪።"

ፏ፣ ጐ፣ ቍ፣ ጧ፣ ሟ የሚባሉት አንዳቸው እንኳ ሳጥን ከሆኑ ወይም ከጎናቸው ካለው ፊደል ወፍረው ወይም ቀጥነው ከታዩ ፎንቱ ጎዶሎ ነው። ስለ ጣና አካባቢ የሚጽፍ ዌብሳይት ፏፏቴ የሚለውን ቃል ሳይጽፍ አይውልም።

ደረጃ 1፦ በሽታውን ለዩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አማርኛው ሲበላሽ ሁሉ ፎንት ይቀይራል። የፎንት ያልሆነ በሽታ ግን በፎንት አይድንም። ገጹን ክፈቱና ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ሀ. ባዶ ሳጥኖች። ጽሑፉ ደህና ነው። ስልኩ ላይ ፊደሉን የሚስል ፎንት ነው የሌለው። ይህ የፎንት ችግር ነው፤ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ለ. ተከታታይ የጥያቄ ምልክቶች። ጽሑፉ ጠፍቷል። ዳታቤዙ ፊደሉን መያዝ ስላልቻለ ሲያስቀምጠው በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ማንም ፎንት አያስነሣውም። ዳታቤዙንና ሠንጠረዦቹን ወደ ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 (የየቋንቋውን ፊደል ሁሉ ወደሚይዝ የአቀማመጥ ዓይነት) ቀይሩ። ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትን መስመርም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው ሠንጠረዡን ቀይሮ መስመሩን ይረሳል፣ ከዚያም አዲስ የጻፈው ሁሉ እንደገና ጥያቄ ምልክት ይሆንበታል። አንድ ዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ በትክክል መቀመጡን ካያችሁ በኋላ ብቻ ዋናውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቅጂ እንደገና አስገቡ።

ሐ. ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች፣ በየሦስት በየሦስቱ፣ ሁሌ በዚያችው ጭረት ባላት "ኤ" የሚጀምሩ። ጽሑፉ አለ፤ ብራውዘሩ ነው በተሳሳተ መንገድ ያነበበው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያውም ባይት አንድ ዓይነት ነው፤ ያች "ኤ" የምትደጋገመው ለዚህ ነው። በገጹ "ሄድ" ክፍል መጀመሪያ ላይ "ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8" የሚለውን መስመር አስገቡ። ከሌሎቹ መስመሮች ሁሉ በፊት ይሁን፤ ብራውዘሩ የሚፈልገው ከገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ነው። አሁንም ካልተስተካከለ ሰርቨሩ ራሱ ሌላ ኢንኮዲንግ እየላከ ይሆናል፤ የሰርቨሩ ቃል ከገጹ ቃል ይበልጣል። ፋይሉንም በኤዲተራችሁ ከፍታችሁ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ መቀመጡን አረጋግጡ።

መ. ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደሎችና ምልክቶች። ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) በፊት በነበረ አሠራር፣ ለምሳሌ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ይዘው ነው የግዕዝ ሥዕል የሚያሳዩት። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ነው። የቆዩ የቢሮ ሰነዶችና የመጽሔት ጽሑፎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ያንን ፎንት ሰርቨር ላይ አትጫኑ። ፊደሉ ይታያል፣ ነገር ግን ፍለጋ አያገኘውም፣ ለማየት የተሳናቸው የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም አይረዳውም። በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መልሱት፣ ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። መቀየሪያ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ብዙ ጊዜ ይስታል። ከአሁን በኋላ ደግሞ ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የዩኒኮዱን አጻጻፍ ምረጡ።

ሠ. ይነበባል፣ ግን የተደባለቀ ነው። አንዱ ፊደል ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ፎንቱ የጎደለውን ፊደል ብራውዘሩ ከሌላ ፎንት እየተበደረ ነው። ይህም የፎንት ችግር ነው።

ሳጥን ይሁን ሌላ በሽታ ግራ ከገባችሁ ከገጹ ላይ አንድ መስመር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ቴሌግራም ላይ በትክክል ከተነበበ ጽሑፉ ጤነኛ ነው።

ደረጃ 2፦ የምትጽፉባቸውን ቋንቋዎች ዘርዝሩ

"አማርኛና እንግሊዝኛ" ብላችሁ አትለፉ። የገዳማት ገጽ ከሆነ ግዕዝ ይኖራል፣ ምናልባትም የዜማ ምልክት። እንጅባራን የሚጨምር የጉዞ ገጽ አዊኛ ይጽፍ ይሆናል። የጉሙዝ ወይም የትግርኛ ክፍልም ሊኖር ይችላል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ በአንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ 523 ምልክቶች በአምስት ክፍሎች ተበትነዋል። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው (ቁጥሮቹ የፊደሎቹ የዩኒኮድ ቁጥሮች ናቸው)፦

ከ1200 እስከ 137ኤፍ፦ ዋናው ክፍል። አማርኛ፣ ግዕዝ፣ ትግርኛ፣ ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሮቹ።

ከ1380 እስከ 139ኤፍ፦ ለሰባት ቤት ጉራጌ የተጨመሩ ፊደሎች። የዜማ ምልክቶቹም (ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ) እዚሁ ናቸው፣ ከ1390 እስከ 1399።

ከ2ዲ80 እስከ 2ዲዲኤፍ፦ ተጨማሪ ፊደሎች። የጘ ዲቃላዎች እዚህ ስለሆኑ የአገው ቋንቋዎችን የሚጽፍ ሰው ይህን ክፍል እንዳይረሳ።

ከኤቢ00 እስከ ኤቢ2ኤፍ፦ ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶና ለጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ የተጨመሩ።

ከ1ኢ7ኢ0 እስከ 1ኢ7ኤፍኤፍ፦ በ2021 ለጉራጌ የተጨመሩ። አዲስ ስለሆኑ ብዙ ፎንት እስካሁን አይዛቸውም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የቋንቋ ምልክት ስጡ። በኤችቲኤምኤል "ላንግ" የሚባለው ነው፦ ለአማርኛ "ኤ፣ ኤም"፤ ለትግርኛ "ቲ፣ አይ"፤ ለግዕዝ "ጂ፣ ኢ፣ ዜድ"፤ ለአዊኛ "ኤ፣ ደብልዩ፣ ኤን"። አማርኛ ገጽ ውስጥ የግዕዝ ጥቅስ ካለ ጥቅሱን ለብቻው ምልክት አድርጉበት። ይህን ካልሠራችሁ ደረጃ 6 አይሠራላችሁም።

ደረጃ 3፦ ፈቃዱን አንብባችሁ ፎንት ምረጡ

ኮምፒዩተራችሁ ላይ ስላለ ብቻ የእናንተ አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት ኒያላና ኢብሪማ፣ ከማክ ጋር የሚመጣው ኬፋ፣ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንድትጠቀሙባቸው የተሰጡ ናቸው። ገልብጣችሁ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ አይፈቀድም። በቴሌግራም በዚፕ የሚዘዋወሩትንም ተዉአቸው። ውስጣቸው የፈቃድ ጽሑፍ ከሌለ ነጻ ናቸው ማለት አትችሉም፤ ለደንበኛ በምትሠሩት ገጽ ላይ ደግሞ ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

"ኦፕን ፎንት ላይሰንስ" የሚል ፈቃድ ያላቸውን ፈልጉ። በዌብሳይት መጠቀም፣ መቁረጥ፣ ማሻሻል፣ ለሌላ መስጠት ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ነው። ሦስቱ ይበቋችኋል፦

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ለስልክ ስክሪን፣ ለሜኑ፣ ለዋጋ ዝርዝር፣ ለቅጽ። ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ውፍረት አለው። ግራ ከተጋባችሁ ይህን ያዙ።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። ረጅም ንባብ ላለው ገጽ፣ ለታሪክና ለጽሑፍ።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል። የብራና ጽሕፈት መልክ ያለው። ለግዕዝ ጥቅስና ለገዳማት ገጽ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው። ርዕስ ላይ "ቦልድ" ካደረጋችሁት ብራውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፣ የፊደሉም ክፍተት ይደፈናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፎንቱ ጋር የሚመጣውን የፈቃድ ፋይል አትጣሉ፤ ከፎንቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ፈቃዱ ውስጥ "የተጠበቀ ስም" የሚል ካለ፣ ፎንቱን ከቆረጣችሁ በኋላ በዚያ ስም መጥራት አትችሉም። አዲስ ስም ስጡት።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን አሳንሱ

ያወረዳችሁት ፋይል እንዳለ አይጫንም፤ ይከብዳል። 100 ኪሎባይት ማለት 800 ኪሎቢት ነው። በሰከንድ 200 ኪሎቢት በሚያገኝ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ ጀልባው ከከተማው ራቅ ሲል፣ አራት ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። አራት ፎንት ከጫናችሁ 16 ሰከንድ። ሰው አይጠብቅም።

1. የምትፈልጉትን ውፍረት ብቻ ምረጡ። ለአብዛኛው ገጽ መደበኛውና ወፍራሙ፣ ሁለቱ ይበቃሉ። ከጎግል ፎንትስ ስታወርዱ ዚፑ ውስጥ "ስታቲክ" የሚል ፎልደር ካለ ከዚያ ውሰዱ። "ኮንደንስድ" የሚሉትን ተዉ፤ የተጨመቁ ናቸው።

2. ወደ "ዎፍ 2" ለውጡ። የዛሬ ብራውዘሮች ሁሉ ይቀበሉታል፣ ከሁሉም በላይ የታመቀው ፎርማት ነው።

3. በደረጃ 2 በዘረዘራችሁት ክፍል ልክ ቁረጡ። ትእዛዝ መጻፍ የሚችል ሰው ፎንትቱልስ የሚባለውን የፓይተን መሣሪያ ይጫን፣ "ብሮትሊ" የሚባለውንም አብሮ፤ ያለ እሱ ዎፍ 2 አይወጣም። ስትቆርጡ "ሌይአውት ፊቸርስ" የሚለውን ሁሉንም ያዝ በሚል ምልክት፣ በኮከብ፣ አድርጉት። ይህን ካልጠበቃችሁ ፎንቱ የያዘው አንዳንድ የአቀማመጥ ሕግ ሊጠፋ ይችላል።

ትእዛዝ የማይወድ ሰው የፎንት ስኩዊረልን መቀየሪያ ይጠቀም። እዚያ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። "ኦፕቲማል" የሚለውን ከተዋችሁት የምዕራብ ቋንቋዎችን ፊደል ብቻ አስቀርቶ ግዕዙን በሙሉ ይጥለዋል። የወጣው ፋይል በጣም ትንሽ ይሆናል፣ ደስም ይላል፣ ገጹ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አይስልም። "ኤክስፐርት" የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ "ኖ ሰብሴቲንግ" በሉት ወይም የክፍሎቹን ቁጥር ራሳችሁ አስገቡ።

4. ፊደል እየመረጣችሁ አትቁረጡ። "ቈን ማን ይጽፋታል?" ብሎ የሚጀምር ሰው መጨረሻው ሳጥን ነው። የእንግዳ ስም፣ የገዳም ስም፣ የአስተያየት ሳጥን ሁሉንም ፊደል ይጠራሉ። ክፍሉን በሙሉ ያዙ። ትእምርተ ጥቅሱን («») የሚስለው ማን እንደሆነም ወስኑ፤ ከላቲኑ ፎንት ይምጣ ካላችሁ የላቲኑ ፎንት እንዳለው እዩ።

ደረጃ 5፦ ራሳችሁ ሰርቨር ላይ አስቀምጡ

ከሌላ ሰርቨር በሊንክ መሳብ ቀላል ይመስላል። በፊት ጥቅም ነበረው፤ አንድ ሰው ሌላ ገጽ ላይ ያወረደው ፎንት ለእናንተም ይሠራ ነበር። ክሮም ከ2020 ጀምሮ ካሹን (ያወረዳቸውን ፋይሎች ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥበትን ቦታ) በየዌብሳይቱ ለይቷል፣ ፋየርፎክስም በ2021 ተከትሏል። ስለዚህ ጥቅሙ የለም፣ ተጨማሪ ግንኙነቱ ግን ጊዜ ይበላል። የራሳችሁ ፋይል በራሳችሁ ቤት ይሁን።

1. "ፎንትስ" የሚል ፎልደር ክፈቱ። የፋይሉ ስም በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ባዶ ቦታ ይሁን። ላፕቶፓችሁ ትልቅና ትንሽ ፊደል ላይለይ ይችላል፤ ሊኑክስ ሰርቨር ግን ይለያል።

2. ስሙ ላይ የቅጂ ቁጥር ጨምሩ። ፎንቱ አንድ ዓመት ካሽ ላይ እንዲቆይ እዘዙ። ስትቀይሩት ቁጥሩን ቀይሩ።

3. ፎንቱ ከገጹ በተለየ አድራሻ ላይ ከተቀመጠ፣ በሦስት ደብልዩ የሚጀምረውና የማይጀምረው እንኳ እንደ ሁለት አድራሻ ይቆጠራሉ፣ ሰርቨሩ "አክሰስ ኮንትሮል አላው ኦሪጅን" የሚለውን ፈቃድ መላክ አለበት። ካልላከ ብራውዘሩ ፎንቱን አውርዶ ይጥለዋል።

ዎርድፕሬስ ላይ ከሆናችሁ ከ2024ቱ 6.5 ጀምሮ "ፎንት ላይብረሪ" አለ። በብሎክ የሚሠራ ቲም ካላችሁ ኤዲተሩ ውስጥ "ስታይልስ"፣ ከዚያ "ታይፖግራፊ" ግቡ። ከጎግል ፎንትስ የምትመርጡት ወደ ራሳችሁ ሰርቨር ይወርዳል። የራሳችሁን ፋይልም መጫን ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሲኤስኤሱን ጻፉ

1. ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ "ፎንት-ፌስ" ጻፉ። ሁለት ውፍረት ካለ ሁለት ይሁን። ለሁለቱም አንድ የቤተሰብ ስም ስጧቸው፣ የራሳችሁን ስም፣ ለምሳሌ "ጣና" በላቲን ፊደል። ላፕቶፓችሁ ላይ ከተጫነ ፎንት ጋር አይምታታባችሁም።

2. ውፍረቱን በቁጥር ግለጹ፦ ለመደበኛው 400፣ ለወፍራሙ 700። ይህን የረሳ ሰው ሁለት ፋይል ጭኖም የሚያየው በግድ የወፈረ ርዕስ ነው።

3. "ፎንት-ዲስፕሌይ"ን "ስዋፕ" አድርጉት። ገጹ ወዲያው ስልኩ ላይ ባለው ፎንት ይነበባል፣ የእናንተው ሲደርስ ይተካል። "ብሎክ" ካላችሁት ጽሑፉ እስከ ሦስት ሰከንድ ድረስ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

4. "ዩኒኮድ-ሬንጅ" ላይ የግዕዝ ክፍሎቹን ብቻ አስገቡ። ይህን አትዝለሉ። ብራውዘሩ ፎንቱን የሚያወርደው ገጹ ላይ ከዚያ ክፍል የሆነ ፊደል ካገኘ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ገጹን የሚያነብ ቱሪስት ለአማርኛው ፎንት ዳታ አይከፍልም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ የቋንቋ መቀየሪያው "አማርኛ" ይላል። በእነዚያ አራት ፊደሎች ምክንያት ሙሉው ፎንት ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ለዚያ ሊንክ ብቻ የስልኩን ፎንት ማዘዝ፣ ወይም አ፣ ማ፣ ር፣ ኛ ብቻ ያሉበት ሌላ ትንሽ ፋይል መቁረጥና ለሊንኩ ለብቻው መስጠት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ፎንት በሌለው ስልክ ላይም ሊንኩ ይነበባል።

5. ለአማርኛው በ"ላንግ" ምልክቱ በኩል ሕግ አውጡ። የፎንቶቹ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የራሳችሁ "ጣና"፣ ከዚያ የላቲኑ ፎንት፣ ከዚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኢብሪማ፣ ኒያላ፣ ኬፋ፣ መጨረሻ "ሳንስ-ሰሪፍ"። ኒያላና ጓደኞቹን በስም መጥራት ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው መገልበጥ ነው።

6. የመስመር ከፍታውን ከ1.6 እስከ 1.8 አድርጉት። ለእንግሊዝኛ የተለካ 1.3 አማርኛውን ያፍነዋል። መጠኑም ከ16 ፒክሰል አይነስ፤ ጭ፣ ጩ፣ ፅ፣ ጿ ሲያንሱ ውስጣቸው ይደፈናል።

7. "ኢታሊክ"ን ለአማርኛው አጥፉት። ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፣ ለንባብም ያስቸግራል። በጣና ገዳማት ብራናዎች ላይ ቅዱስ ስም በቀይ ቀለም ነው የሚለየው፤ ለማጉላት ቀለም ወይም ውፍረት ተጠቀሙ። አቢሲኒካን ለመረጠ ሰው ደግሞ "ፎንት-ሲንተሲስ"ን "ነን" ማለት ያስፈልጋል፣ በግድ እንዳይወፍርበት።

8. ቅጾቹን አትርሱ። የጽሑፍ ማስገቢያ ሳጥን፣ ቁልፍና መምረጫ የገጹን ፎንት በራሳቸው አይወርሱም። "ፎንት፦ ኢንሄሪት" በሏቸው። የጀልባ ቦታ ማስያዣ ቅጽ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሰው ሳጥን የሚያየው በዚህ ነው።

9. ቀድሞ እንዲወርድ "ፕሪሎድ" የምታደርጉ ከሆነ መደበኛውን አንዱን ብቻ፣ አማርኛ ገጾች ላይ ብቻ። "ክሮስኦሪጅን" የሚለውን ቃል ጨምሩበት፤ ካልጨመራችሁ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ ጽሑፉን አጽዱ

ፎንቱ ምንም ያህል ቢያምር ጽሑፉ ቆሻሻ ከሆነ አይነበብም። ትልቁ ቆሻሻ አራት ነጥብ ነው። ሰው ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ወይም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል። ትክክለኛው ። አንድ ምልክት ነው፣ ቁጥሩ 1362። ሁለቱ ነጥቦች ከተለያዩ አንዱ መስመር መጨረሻ፣ ሌላው ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

በፈልገህ ተካ አስተካክሉት፤ ግን በጽሑፉ ላይ ብቻ። ሲኤስኤስ ውስጥ "ቢፎር"ና "አፍተር" የሚሉት በሁለት ኮለን ይጀምራሉ። ሙሉውን ፎልደር በአንድ ጊዜ የተካ ሰው ገጹን ያፈርሰዋል።

ርዕስን በሥዕል ሠርቶ መለጠፍንም ተዉ። ፎንቱ ከገባ በኋላ ምክንያት የለውም፤ ሥዕል አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ ስልክ ላይም ይደበዝዛል።

ደረጃ 8፦ ሞክሩ

1. ላፕቶፓችሁን አትመኑ። ፎንቱን ስትመርጡ ጭናችሁት ይሆናል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ባይልክም ገጹ ያምራል። ክሮም ላይ ፊደሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ "ኢንስፔክት"፣ "ኮምፒዩትድ"፣ እስከ ታች ውረዱ። "ሬንደርድ ፎንትስ" የሚለው ሥር ፎንቱ ከኔትወርክ ነው የመጣው ወይስ ከኮምፒዩተሩ ይነግራችኋል። "ሎካል ፋይል" ካለ አልሠራም ማለት ነው።

2. "ኔትወርክ" የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ካሹን አጥፉ፣ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱ፣ ገጹን እንደገና ክፈቱ። በዚያ ፍጥነት መነበብ መቼ እንደሚጀምር ተመልከቱ።

3. እንግሊዝኛ ገጹን ክፈቱና ሙሉው የአማርኛ ፎንት አለመውረዱን አረጋግጡ።

4. የሙከራ ጽሑፉን በርካሹ ስልክ ላይ ክፈቱ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ። ከቻላችሁ ዘጌ ወደብ ወይም ደቅ ላይ ያለ ሰው ከፍቶ ስክሪንሾት ይላክላችሁ።

5. ኦፔራ ሚኒ ላይም እዩት። ዳታ በብዛት በሚቆጥብበት አሠራሩ የዌብ ፎንት አይቀበልም፣ በስልኩ ፎንት ነው የሚያሳየው። እዚያ ላይ ማማር አይጠበቅበትም፤ መነበብ ግን አለበት። በፎንት የተሠሩ የሜኑ ምልክቶች ካሏችሁ እዚያ ላይ ስለሚጠፉ ከአጠገባቸው ቃል ጻፉ።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

ኔትወርክ ላይ 404 ይላል። የፋይሉ መንገድ ተሳስቷል። በሲኤስኤስ ውስጥ ያለ መንገድ የሚቆጠረው ከሲኤስኤሱ ፋይል ተነሥቶ ነው፣ ከገጹ አይደለም።

ፋይሉ ወርዷል፣ ፊደሉ ግን አልተቀየረም። ሦስት ነገር እዩ፦ የቤተሰቡ ስም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው? የ"ላንግ" ምልክቱ ገጹ ላይ አለ? ስትቆርጡ ግዕዙ ወድቆ ይሆን? የመጨረሻውን ለማወቅ ፋይሉን ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን ዋናውን ፎንት ለጊዜው ጫኑ። ከሠራ ችግሩ ደረጃ 4 ላይ ነው።

ከአንድ ፊደል በቀር ሁሉም ደህና ነው። የዚያን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ "ዩኒኮድ-ሬንጅ" ውስጥ ከሌለ ጨምሩ። ካለ ፎንቱ ራሱ አይዘውም፤ ለዚያ ቋንቋ ብቻ ሌላ ፎንት ስጡ።

ርዕሱ የተደፈነ ይመስላል። የ700ው ፋይል አልወረደም ወይም ቁጥሩ አልተጻፈም።

ገጹ ሲከፈት ጽሑፉ ይዘላል። ስልኩ ላይ ያለው ፎንትና የእናንተው ስፋታቸው ስለሚለያይ ነው። ፎንቱን ፕሪሎድ አድርጉ፤ ካልበቃ "ሳይዝ-አጀስት" በሚለው የሁለቱን መጠን አቀራርቡ።

አዲሱን ፎንት ጭኜ አሮጌው ይታያል። ካሽ ነው። የፋይሉን የቅጂ ቁጥር ቀይሩ። ዎርድፕሬስ ላይ የካሽ ፕለጊን ካለ እሱንም አጽዱ።

አንድ አንባቢ "አይነበብም" ብሎ ከጻፈላችሁ "እኔ ጋ ይሠራል" ብላችሁ አትመልሱ። ስክሪንሾት፣ የስልኩን ሞዴልና የብራውዘሩን ስም ጠይቁት፣ ስክሪንሾቱንም ይዛችሁ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።